ወፍ የለም

የአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ጨርሶ አለመኖሩን ሊናገር ሲፈልግ «ወፍ የለም» ይላል። ታክሲ ተገኘ? ወፍ የለም። ደመወዝ ተከፈለ? ወፍ የለም። አባባሉ የቀልድ ቢመስልም በውስጡ አንድ እምነት ያዘለ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ወፍ አይጠፋም፤ ወፍ እንኳ ከጠፋ ግን በእርግጥ ምንም የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይህን አባባል ከቀልድ ውጭ፣ ቃል በቃል እንድጠቀምበት የሚያደርግ ጠባይ አለብኝ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ደረቁ አገር እወርዳለሁ፤ ግራር ሥር ተቀምጬ እውላለሁ፤ ስመለስም «እህሳ፣ ምን አየህ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ የምሰጠው እውነተኛ መልስ ይኸው ነው።

በሂሳብ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህ ጠባዬ በተነሣ ቁጥር «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይለኛል። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን መነኩሴው ቢያንስ ቆቡን መልሶ ሰፍቷል። እኔ ሰፍቼ የማሳየው ነገር የለኝም። አድኜ አልበላ፣ ፎቶግራፍ አንሥቼ አልሸጥ፣ ጥናት ጽፌ ማዕረግ አላገኝበት። ወዳጄ ነገሩን ሲያጠብቀው ደግሞ ከቀልድ ያልፋል። «ያ አገር በድርቅ ከብቱ ያለቀበት አገር አይደለም እንዴ? አንተ እዚያ ድረስ ሄደህ ወፍ ትቆጥራለህ?» ይለኛል።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለመሆኑ ጥቅም የማይገኝበት ማየት፣ እንዲያው ተቀምጦ ማየት፣ ምን ዋጋ አለው? ዋጋ አለው ቢባልስ፣ ችግር በቆመበት ሜዳ ላይ ዐይንን ወደ ወፍ ማንሣት ከሰው መራቅ አይሆንምን? በደፈናው ብናወራው ማለቂያ ስለሌለው ነገሩን በአንድ ሥፍራና በአንዲት ወፍ ላይ ባደርገው ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የተጓዘ ሰው ያቤሎ ሲደርስ ቀይ አፈር፣ ኩይሳና ግራር ይቀበሉታል። እዚያ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል በሚገኘው አገር፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማትኖር ወፍ አለች። የእንግሊዝኛ ስሟ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ» እንደ ማለት ነው። ቁራ ትባል እንጂ እኛ የምናውቀውን ቁራ አትመስልም። አካሏ ነጣ ያለ አመድማ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር ሲሆን፣ በዐይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ደማቅ ሰማያዊ ቆዳ አላት። ግራር ላይ በእሾኻማ ጭራሮ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ትሠራለች። ከከብት ኋላ እየተከተለች፣ አፈሩንና እበቱን እየጫረች፣ ነፍሳት ትለቅማለች።

ይህች ወፍ ለብዙ አሠርት ዓመታት እንቆቅልሽ ሆና ኖራለች። ከአገሯ ወጣ ሲባል ግራሩ ያው ግራር፣ አፈሩ ያው አፈር፣ ከብቱም ያው ከብት ነው። ተራራ አልከለላትም፤ ወንዝ አላገዳትም። ወፏ ግን የለችም። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን፤ የዚችን ወፍ የአገር ድንበር ግን ማን እንዳሰመረው የሚናገር አልነበረም።

ወፍ ማየት የጧት ሥራ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ሁሉም ነገር ይገኛል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ድረስ ያ ሜዳ ገበያ ነው፤ ዋኖሱ ያጉረመርማል፣ ጅግራው በመንጋ መንገድ ያቋርጣል፣ የቁጥቋጦዋ ቁራም ከጎጆዋ ወርዳ ምድር ምድሩን ትላለች። ከውጭ አገር በቡድን የሚመጡት ወፍ ተመልካቾች ይህን ያውቃሉ። ሁሉም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው። መኪናቸውን ያቆማሉ፤ ወፏን ያያሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ቡና ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ወደሚቀጥለው ስም ይነዳሉ። አልፈርድባቸውም። የመጡት ከሩቅ ነው፤ ቀናቸውም የተቆጠረ ነው፤ መንገድ መሪውና ሆቴሉም የሚያድሩት በእነርሱ ገንዘብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የታየች ወፍ ያለቀች ወፍ መሆኗ ብቻ ነው።

ከ4 ሰዓት በኋላ ሜዳው ይዘጋል። በየካቲት ያ አገር ነፋሱ እንኳ ትኩስ ነው። ድምፅ አንድ በአንድ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ዋኖሱ፣ ቀጥሎ ጥቃቅኖቹ፣ በመጨረሻ ነፍሳቱ ብቻ ይቀሩና እነሱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው እስከ 10 ሰዓት ድረስ የሚዘልቅ ረጅም ባዶ ጊዜ ነው። የግራሩ ጥላ ይዞራል፤ ጥላውን እየተከተልኩ እኔም በትንሽ በትንሹ እዞራለሁ። ጉንዳኖች አንድ የሞተ ፌንጣ እየጎተቱ ነው፤ አንድ ክንድ ለመጓዝ ምን ያህል እንደሚፈጅባቸው አውቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ጥንብ አንሳ ከላይ ይዞራል። ውኃዬ ሞቋል። እንቅልፍ መጥቶ ይሄዳል። ይህን ጊዜ ስሙ ምን እንደሆነ ብጠየቅ መሰልቸት ነው እላለሁ፤ ለማሳመር አልሞክርም።

ከእንዲህ ያሉት ቀኖች በአንደኛው፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል በሚርቅ ግራር ሥር ሁለቱ ቁራዎች ቆመው አገኘኋቸው። አይለቅሙም፤ አይጫወቱም። አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከገላቸው ጥቂት አላቀው፣ ያለከልካሉ። ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጀርባቸው ሰማያዊ ሆዳቸው ቀይ የሆነ፣ በየመንገዱ የምናያቸው ወፎች እዚያው ፀሐይ ላይ እየተራመዱ ይለቅማሉ። የአንዱ ሜዳ ቀትር ለአንዱ ምሳ ሆኖለታል፤ ለሌላዋ ጭንቅ ሆኖባታል።

የእንቆቅልሹ ፍቺ ያ የተከፈተ አፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የወፏ አገር ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ሥፍራ መሆኑን፣ ድንበሯም አፈርና ዛፍ ሳይሆን ሙቀት መሆኑን አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ደግሞ ይቺን ወፍ በዚያው ሜዳ ከሚኖሩ ሌሎች ወፎች ጋር አስተያይቶ፣ ሙቀቱ ሲጨምር እርስዋ ቀድማ እንደምታለከልክና ቀድማ ጥላ እንደምትፈልግ አሳየ። አጥሩ በአየሩ ውስጥ ነበር። ለማግኘትም ሁሉም ሰው መኪናውን አስነሥቶ በሚሄድበት ሰዓት እዚያው መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው «በል እንግዲህ፣ ጥቅም አለው ማለት ነዋ!» አለኝ። መከራከሪያውን ሊሰጠኝ ፈልጎ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጥቅም ስላለው ብቻ ዋጋ አለው ካልን፣ ያን ቀን የወፏ ማለክለክ ምንም ባያስረዳ ኖሮ ቀኑ የባከነ ነበር ማለታችን ነው። እንደዚያ አይመስለኝም። ጧት የማየው የምፈልገውን ነው፤ ዐይኔ ዝርዝር ይዞ ይወጣል፤ ያላገኘውን ሁሉ እንደሌለ ይቆጥራል። ቀትር ላይ ግን ፍለጋው ይደክማል። የፈለግሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ያለው ነገር ነው፤ ጉንዳኑ፣ ጥላው፣ የሚያለከልከው አፍ። በተራራው ስብከት ላይ ስለ ሰማይ ወፎች የተነገረውን ሰባኪዎቻችን ዘወትር የሚያነሡት አትጨነቁ ለማለት ነው። ትእዛዙ ግን በመጀመሪያ እንድናይ መሆኑን ሲያነሣ የሰማሁት ሰባኪ የለም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደስ ይላል። በትዕግሥት የሚያይ ሰው ከራሱ ፍላጎት ይላቀቃል፣ ከራሱ ፍላጎት የተላቀቀ ሰው ደግሞ ለሌላው ቅን ይሆናል ብሎ ጽሑፉን መዝጋት ይቻል ነበር። የሚያስቸግረው የወፏ ስም ነው።

«ወፍ ማየት» የሚባለው ነገር ከመለመዱ በፊት ወፍ ማወቅ ማለት ወፍ መግደል ነበር። ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ሰውነቷ አረንጓዴ ጉትያዋ ነጣ ያለ አንዲት ውብ ወፍ ገድሎ ቆዳዋን ዕቃው ውስጥ አኖረ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 መጨረሻ፣ ራሱን ዝሆን ገደለው። ወፏ በዕቃው መካከል ተገኘች፤ ከየት እንደተወሰደች የሚገልጽ አንድ ቃል ግን አልተጻፈባትም። እ.ኤ.አ. በ1896 በእርሱ ስም ተሰየመች፤ አገሯ ግን እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለሳይንስ ሳይታወቅ ቆየ። ለሳይንስ ማለቴ ነው እንጂ፣ በአሬሮ ጫካ ሥር ከብቱን ለሚነዳው ሰው ጠፍታ አታውቅም።

የቁጥቋጦዋ ቁራ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። የሳይንስ ስሟ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሴማኒ ይባላል። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የወፍ ሊቅ ሲሆን፣ ዛቫታሪ የሚለው ስም የተሰጠው ለኤዶአርዶ ዛቫታሪ ክብር ነው። ይህ ሰው የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ነበር፤ አገራችን በወረራ ሥር በነበረችበት በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ቦረና አገር የሄደውን የሥነ ሕይወት ጥናት ቡድን መርቷል። በዚያው ወፏ ስም ባገኘችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938፣ ኢጣሊያ ውስጥ «የዘር ማኒፌስቶ» የሚባል ጽሑፍ ወጣ። የሰው ዘር ትልቅና ትንሽ እንዳለው፣ ኢጣሊያዊው ንጹሕ «አርያን» እንደሆነ፣ አይሁድም ከእርሱ እንደማይቆጠሩ የሚናገር፣ ለዘር ሕጎቹ መንገድ የጠረገ ጽሑፍ ነው። አሥር ምሁራን ስማቸውን አኑረውበታል። አንዱ ዛቫታሪ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዕድሜውን ሁሉ በቅርበት ሲያይ የኖረ፣ የጥንዚዛ እግር ላይ ያለውን ልዩነት ለመለየት የሠለጠነ ዐይን የነበረው ሰው ነው። ቦረና ምድር ላይ ቆሟል፤ ያችን ፀሐይ ተጠልሏታል። ጥሩ ማየት ጥሩ ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እርሱን ባደረገው ነበር። ሰውን ግን ያየው ጥንዚዛን በሚደረድርበት ሣጥን ነው። ማየት ለመውደድ ዋስትና አይሆንም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ስለ ወፍ የሚጻፈውን ማር ማር የሚል ነገር ማንበብ ይከብደኛል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ስሙኝ ብዬ የማስተምረው መልስ የለኝም፤ አንድ የገጠመኝን ነገር ግን ልናገር። በዚያው በ2014 ዓ.ም. የካቲት፣ ከያቤሎ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ስውል፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆን እረኛ መጥቶ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሰላምታ ተሰጣጣን። ከዚያ ወፎቹን ያያል ብዬ ስጠብቅ እኔን ማየት ጀመረ። ባይኖኩላሩን ሳነሣ ያያል፤ ስጽፍ ያያል፤ ውኃ ስጠጣ ያያል። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ዋለ። አብሮኝ ለነበረው መንገድ መሪ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነግሮት ሁለቱም ሣቁ። «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ይህ ሰውዬ ጥላ ሲሸሸው ይከተለዋል እንጂ ከመጀመሪያው ጥላው የሚመጣበት ቦታ አይቀመጥም ነው የሚለው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የማስበው ይህ ነው። ሩስፖሊም ሆነ ዛቫታሪ በዚያ ሜዳ ላይ ሲታዩ ነበር፤ እንደሚታዩ ያሰቡ ግን አይመስለኝም። ሣጥን ይዞ የሚመጣ ሰው ዐይን ያለው እርሱ ብቻ ነው። ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር እኔንም ከሜዳው ፍጥረት አንዱ አደረገኝ፤ ያውም በጠባዬ ለይቶ። መታየትን የማይችል ሰው ማየቱ ምንጊዜም ያስፈራኛል።

ወደ ወዳጄ ከባድ ጥያቄ ልመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ ዝናቡ እስከ 2015 ዓ.ም. አጋማሽ አልተመለሰም። እኔ በሄድሁበት የካቲት ሦስተኛው ከሽፎ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የደረቀ የከብት ሬሳ ይታያል። መነሣት ያቃታትን ላም ሰዎች በጅራቷና በጎኗ ይዘው ያቆሟታል፤ ትንሽ ትሄድና ትወድቃለች። ባይኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ በዚያ መካከል ማለፍ ምን እንደሚመስል ሄዶ ያልሞከረ አይረዳውም። መነጽሩ ከባድ ዕቃ ነው።

ወዳጄ የሚያስበው ዐይን እንደ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ካወጣኸው ለዚያ አይተርፍህም። በዚህ አልስማማም። ወፍ የማያይ ሰው ሁሉ ላሟን እያየ አይደለም። በሌላ በኩል ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ወዳጄ ላሟን ሳያይ፣ ያቤሎ ምሥራቅ ትሁን ምዕራብ በቅጡ ሳያውቅ፣ በመሥሪያ ቤቱ ለድርቁ ገንዘብ ሲሰበሰብ የወር ደመወዙን ሰጥቷል። የሰጠውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ በሚገባ አይቶ በሰው ላይ ከፋ፤ ሌላው ሳያይ ደግ ሆነ። ማየትና ደግነት እኔ እንደተመኘሁት ወንድማማቾች አይደሉም።

ታዲያ ማየት የቀረለት ድርሻ ምንድን ነው? ያን እረኛ ስለ ከብቶቻቸው ጠይቀነው ነበር። ስንት እንደሞቱ አልነበረም የነገረን። መጀመሪያ የሞተችውን ላም መልክ ነገረን፤ ከማን እንደተወለደች፣ ጥጃዋ የትኛው እንደነበር፣ ከመሞቷ በፊት ባሉት ቀናት ከመንጋው ተለይታ ወደ የትኛው ዛፍ ትሄድ እንደነበር ነገረን። ከዚያ ወደ ሁለተኛዋ አለፈ። ዕርዳታ የሚያከፋፍል ሰው ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ቁጥሩም የግድ ነው፤ ያለ ቁጥር እህል አይጫንም። የልጁ ላሞች ግን በቁጥሩ ውስጥ አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ማየት የሚባለውን ነገር እኔ በዕረፍቴ የምሞክረው ነው፤ እርሱ ግን የኖረበት ነው። ላሟን ማንም ሊያድናት አልቻለም፤ ማን እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ግን ነበራት። ይህ ከእህሉ አይበልጥም። እህሉም ይህን አይተካውም።

ሙቀቱ በሚጠበቀው መጠን ከጨመረ የቁጥቋጦዋ ቁራ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን አገሯን እንደምታጣ ጥናቶች ይገምታሉ። ሸሽታ የምትገባበት ሌላ ቀዝቃዛ አገር በአቅራቢያዋ የለም። አጥሯ በላይዋ ላይ እየጠበበ ነው። ይህን ለማስቆም እኔ በጥላ ሥር ተቀምጬ የማደርገው ነገር የለም፤ እንዳለ አድርጌም ወዳጄን አላታልለውም።

ያን ዕለት ወደ ማታ መንገድ መሪው ዘመዶቹ ቤት አስገባን። በዚያ አገር ብቻ የምትገኝ ሌላም ወፍ አለች፤ ጅራቷ ነጭ የሆነች፣ በመብረር ነፍሳት እየያዘች የምትኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በሳይንስ የተመዘገበች ትንሽ ወፍ። ጎጆዋን የምትሠራው በቦረና ቤቶች ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከጭቃ ነው። እኛ በገባንበትም ቤት አንድ ባዶ የጭቃ ጎጆ ጥቁር ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይታይ ነበር። ከሥሩ እሳት ይነዳል። ለምን እንዳላነሡት ባለቤቲቱን አስጠየቅኋቸው። ዝናብ ሲመጣ ትመጣለች፣ ጭቃ የምታገኘው ያኔ ነው፣ ዘንድሮም አምናም አልመጣችም አሉ። ከዚያም እሳቱን ወደ አንድ ጎን እየገፉ፣ እኔ በመጣሁበት አገር ዘንቦ እንደሆነ ጠየቁኝ።